«ተስማምቶዎታል» ለተባሉት አንባቢዬ

ውድ አንባቢዬ፣

እንደምን ሰነበቱ? «ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን» እንደሚሉኝ አውቃለሁ። ምላሽዎን አከብራለሁ፤ ዛሬ ግን ትንሽ ልጠራጠረው ፈቃድዎን እለምናለሁ። ዕድሜዎ 40ን አልፎ ወደ 60 እየተጠጋ ከሆነ፣ አንድ ያረጀ የክት ልብስም «ቀነስ ስል እለብሰዋለሁ» እየተባለ ቁም ሣጥን ውስጥ ተሰቅሎ ከቀረ፣ ይህ ደብዳቤ ለእርስዎ ነው።

«መወፈር ምን ነውር አለው?» ይሉኝ ይሆናል። ምንም ነውር የለውም። ባደግንበት ቤት ሰው ሞላ ሲል «ተስማማህ፣ አማረብህ» ይባላል። ከዓረብ አገር ወይም ከአሜሪካ የመጣ ዘመድ ጉንጩ ሞልቶ ካልታየ እናቱ ታዝናለች። መክሳት ግን ያስደነግጠናል። ኤች አይ ቪ መድኃኒት ሳይገኝለት ብዙ ቤት የዘጋበትን ዘመን የምናስታውስ ሰዎች፣ አንድ ሰው ቀጠን ሲል በሹክሹክታ ይባል የነበረውን አንረሳውም። ስለዚህ ውፍረትን እንደ ጤና ምልክት ብንቆጥረው አይፈረድብንም። ያ ዘመን አለፈ፤ መለኪያው ግን እኛ ዘንድ ቀረ።

«እኔ እኮ አልወፈርኩም፤ ትንሽ ነው ሞላ ያልኩት።» ይህችን መልስ ስጠብቃት ነበር። ነገሩ ያለው እዚያችው «ትንሽ» ላይ ነው። አሜሪካ ውስጥ ነርሶችንና ሌሎች የጤና ባለሙያዎችን ለአሥርት ዓመታት የተከታተለና እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ጥናት፣ ሴቶቹ ከ18 እስከ 55 ዓመታቸው ድረስ በአማካይ ከ10 ኪሎ በላይ መጨመራቸውን አሳይቷል፤ ወንዶቹም ከዚህ ብዙ አልራቁም። ለ37 ዓመት ሲያካፍሉት በዓመት ከሩብ ኪሎ እምብዛም አይበልጥም። ሥጋ ቤት ገብተው ሩብ ኪሎ ቢያዝዙ ቆራጩ «ለድመትዎ ነው?» ብሎ ይቀልድብዎታል። ነገር ግን በዚያው ጥናት እያንዳንዱ 5 ኪሎ ጭማሪ፣ በሁለተኛው ዓይነት ስኳር በሽታ የመያዝ ዕድል በ30 በመቶ ገደማ ከፍ ከማለቱ ጋር ተያይዞ ተገኝቷል። እኛ ራሳችንን የምናስተያየው ከአምናው ጋር ነው፤ አምና ደግሞ ሁልጊዜ ዘንድሮን ይመስላል። እስቲ በ25 ዓመትዎ የተነሡትን ፎቶ ያውጡና ከዚያ ሰው ጋር ይተያዩ።

«ዕድሜ ነው! 40 ሲያልፍ ሰውነት ምግብ ማቃጠል ይተዋል።» ይህን ሁላችንም ስንለው ኖረናል፤ ያጽናናል። እ.ኤ.አ. በ2021 «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት የወጣ ጥናት ግን ከ6,400 በላይ ሰዎችን መርምሮ፣ ከሰውነት መጠን ጋር ሲመዛዘን የምናቃጥለው ኃይል ከ20 እስከ 60 ዓመት ድረስ እምብዛም እንደማይለወጥ አገኘ። እንግዲያውስ 45ኛ ዓመትዎን በከንቱ አይውቀሱት። በእግር ይሄዱት የነበረውንና ዛሬ በታክሲ የሚያቋርጡትን መንገድ፣ ቀኑን ሙሉ የማይለቁትን ወንበር፣ ማታ 3 ሰዓት ተበልቶ ወዲያው የሚተኛበትን እራት ይጠይቁ። «እጾማለሁ እኮ» እንዳይሉኝ። የሁዳዴ 55 ቀን በረከት ነው፤ ዘይት የተንሳፈፈበት ሽሮ፣ የተጠበሰ ድንች፣ ሳምቡሳና ለስላሳ ግን ሁሉም የጾም ናቸው። የትንሣኤን ሳምንት አላነሣም፤ በዶሮ ወጥ ምክንያት እንዳንቀያየም።

«የእኔስ ሚዛን ስንት ዓመቱ፣ ንቅንቅ አላለም።» እሰየው! ሆኖም ሚዛን ጡንቻንና ስብን አይለይም። ከ30ዎቹ በኋላ ያልተሠራበት ጡንቻ እየሳሳ ይሄዳል፤ ቦታውን ስብ ሲይዘው ቁጥሩ ያው ሆኖ ቀበቶው ብቻ ቀዳዳ ይቀይራል። ቀጭን መባልም ዋስትና አይሆንም። በዘመቻ ሙሴና በ1991 (እ.ኤ.አ.) በተካሄደው ዘመቻ ሰሎሞን ወደ እስራኤል የሄዱት ቤተ እስራኤላውያን ወገኖቻችን፣ እዚያ ሲደርሱ የስኳር በሽታ እምብዛም አይታይባቸውም ነበር። ኑሮውና ምግቡ ሲለወጥ በሽታው ተስፋፋባቸው፤ ያውም ሐኪም «ወፍራም» በማይለው ክብደት ላይ ላሉትም ጭምር አልራራም።

«ለማንኛውም ራሴን አውቃለሁ።» እዚህ ላይ አልከራከርዎትም፤ እንዲያውም ምስክር አመጣልዎታለሁ። በካናዳዋ ማኒቶባ አረጋውያን «ለዕድሜዎ ጤናዎ እንዴት ነው?» ተብለው ተጠየቁ። እ.ኤ.አ. በ1982 የታተመው ውጤት እንደሚለው፣ ጤናቸውን ዝቅ አድርገው የገመቱት «እጅግ ጥሩ» ካሉት ይልቅ በሚቀጥሉት ዓመታት የመሞት ዕድላቸው ወደ ሦስት እጥፍ ይጠጋ ነበር። የታወቀ በሽታቸው ከግምት ከገባ በኋላም ልዩነቱ አልጠፋም። ስለዚህ ውስጥዎ «አቅም አነሰኝ፣ ደረጃ መውጣት ከበደኝ» ሲል ይመኑት፤ ሚዛኑ ምንም ባይል እንኳ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ። ሳያስቡት መክሳት ከጀመሩም እንዲሁ ያድርጉ። ጎረቤት «አማረብዎት» ብሎ ሊያደንቅዎ ይችላል፤ ነገሩ ግን ስኳር፣ ቲቢ፣ የታይሮይድ ዕጢ ችግር ወይም ካንሰር ሊሆን ይችላል።

«ደህና ነኝ» ሲሉኝ ግን፣ ይቅርታዎን፣ ያለ ማስረጃ አልቀበልም። መዋሸትዎ አይደለም። ደም ግፊትና ስኳር ለዓመታት ሳያምሙና ሳያቃጥሉ ይቀመጣሉ፤ ያልተሰማዎትን ከየት አምጥተው ይንገሩኝ?

እንግዲህ ልመናዬ አጭር ነው። በዚህ ሳምንት ደም ግፊትዎንና ስኳርዎን ይለኩ፤ ከልብስ ሰፊም ሜትር ተውሰው ወገብዎን ይለኩ። ወንድ ከሆኑ 94፣ ሴት ከሆኑ 80 ሴንቲሜትር ከደረሰ ጉዳዩን ለሐኪም ያማክሩ። ቁጥሩን ከነቀኑ ይጻፉት፤ ለከርሞ የሚያስተያዩበት እንዲኖርዎት። ሲለኩ ታዲያ ትንፋሽዎን ያውጡ፤ ሆድዎን ወደ ውስጥ እንዳይስቡብኝ፤ እኔ አላይዎትም።