አንድ አልጋ፣ ሁለት ሕልም

ሰሞኑን ከደረሱኝ ደብዳቤዎች መካከል አንዱ ሲያሳስበኝ ከረመ። ጸሐፊዋ የሃያ ስድስት ዓመት ወጣት ናት፤ የምትኖረው እዚሁ አዲስ አበባ ነው። ከእጮኛዋ ጋር ለሠርጋችን ይሆናል ብለው ሦስት ዓመት ዕቁብ ጥለው ያጠራቀሙት ብር አለ። ታዲያ እጮኛዋ ምን ቢላት ጥሩ ነው? «ከጓደኛዬ ጋር ተጋርተን አንድ ያገለገለች የቻይና ጂፕ እንግዛበትና ወደ ገጠር ለሚወጣ ሰው እናከራያት፤ ሠርጉ ለከርሞ ይደርሳል።» እሷ ደግሞ፣ «ቻይና ሠራሽ? በስድስት ወሯ ጋራዥ የምትተኛ መኪና! አይሆንም» ብላ ይኸው ከተኳረፉ ወር ሊሞላቸው ነው። ጥያቄዋ አጭር ናት። «እባክህ ወንድሜ፣ ቻይኖች ጂፕ መሥራት ያውቃሉ ወይስ አያውቁም? አንተ ያልከውን እቀበላለሁ።»

ኧረ እህቴ፣ ሠርጉን የሚያክል ነገር በእኔ ትከሻ ላይ አትጣይው! እኔ አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ብዕር ያነሳሁ ሰው ነኝ እንጂ መካኒክ አይደለሁም። ስለ ሞተር የማውቀው ጎረቤታችን ካለው ጋራዥ ደጃፍ ቆሜ የለቃቀምኩትን ነው። ግን መኪናዋ የቤጂንጉ ፋብሪካ ሥራ መሆኗን ስለጻፍሽልኝ፣ የዚህን ፋብሪካ ታሪክ ፈልጌ አነበብኩ። ሳነበው ያገኘሁት ታሪክ የመኪና ብቻ ሳይሆን የትዳርም ሆነብኝ። እስቲ ላጫውትሽ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

በ1950ዎቹ ቻይናና ሶቪየት ኅብረት አፍና አፍንጫ ነበሩ። ለቻይና ጦር የሚሆነው ቀላል መኪናም ሆነ መኪናውን የሚያሠራው ባለሙያ ከሞስኮ ነበር የሚመጣው። በ1960 ሁለቱ ተጣሉና ሶቪየቶች ባለሙያዎቻቸውን ጠራርገው ወሰዱ። ቻይና ባዶ እጇን ቀረች። ያኔ ቤጂንግ ያለ አንድ የመኪና ፋብሪካ፣ ከሁለት ዓመት በፊት ጂንጋንግሻን የምትባል የቤት መኪና የሞከረው፣ «በል ለጦሩ ጂፕ ሥራ» ተባለ። ተሞከረ፣ ተጣለ፣ እንደገና ተሞከረ። በ1960ዎቹ አጋማሽ ላይ ቢጄ 212 የምትባለዋ ተወለደች። «ቢጄ» ቤጂንግ ማለት ነው። የመጀመሪያዋ 2 ቁጥር ደግሞ በቻይኖች አሰያየም አስቸጋሪ መንገድ የሚሄድ መኪና መሆኗን ትናገራለች።

መልኳን ማወቅ ትፈልጊያለሽ? ዋዝ አይተሻል አይደል? በደርግ ጊዜ ጦሩና ካድሬው ሲንፈላሰስበት የነበረው የሶቪየት መኪና! በልጅነቴ ሰፈራችን ውስጥ አንዱ ጎማው ወልቆ በድንጋይ ላይ ቆሞ ነበር፤ መሪውን ይዘን ጅማ ድረስ «ነድተነዋል»። 212 የእሱ እህት ናት ብትባል የሚያምን እንጂ የሚክድ አይገኝም። የሸራ ጣራ፣ ክብ መብራት፣ አራት በር፣ አምስት ሰው። ሞተሯ 2.4 ሊትር፣ 75 የፈረስ ጉልበት ያላት፣ የዘር ሐረጓ ከሶቪየቷ ቮልጋ የሚመዘዝ ነው። ካምቢዮዋ ባለ ሦስት ማርሽ ብቻ ነው። አውጥተሽ ብትነጂያት በሰዓት ከ98 ኪሎ ሜትር አታልፍም። 212ኤ የምትባል ባለ ሁለት በር ታናሽም ነበረቻት፤ ከኋላ ግራና ቀኝ አግዳሚ ወንበር ዘርግታ ስምንት ሰው ትጭናለች።

ውበት የላትም። ግን ሊቀመንበር ማኦ በ1966 ቀይ ዘቦችን ሲጎበኙ የቆሙት በእሷ ላይ ነበር፤ ከዚያ ወዲያ ማን ይናቃት! በጊዜው በቻይና የቤት መኪና የሚባል ነገር ለተራ ሰው በሕልምም አይታሰብም። የወረዳው ሹም፣ የክፍለ ጦሩ አዛዥ፣ ፖሊሱ ሁሉ በ212 ነው የሚሄደው። ስትበላሽም የሰፈሩ ቀጥቃጭ በመዶሻ ይጠግናታል ይባላል። እዚህ ላይ እህቴ የጥያቄሽን ግማሽ መልስ አገኘሽ፤ ጂፕ መሥራት ያወቁት ትናንት አይደለም።

አሁን ወደ ጋብቻው እንምጣ።

ማኦ ካለፉ በኋላ ቻይና በሯን ከፈት አደረገች። የቤጂንጉ ፋብሪካ 212ን ለዓመታት ሳይለውጥ ሲሠራ ኖሮ አርጅታበት ነበርና አዲስ ለመሥራት የሚያግዘው ፈረንጅ ፈለገ። በወዲያኛው በኩል ደግሞ የጂፕን ስም ከ1970 ጀምሮ የያዘው አሜሪካን ሞተርስ አለ። በአገሩ ገበያ ትልልቆቹ አላፈናፍን ብለውት የሚንገዳገድ ኩባንያ ነው። በ1979 ተያዩ፣ ተዋደዱ፣ ሽምግልናው ከአራት ዓመት በላይ ፈጀ! የኛ አገር ሽማግሌ እንኳን ይህን ያህል አይመላለስም። በመጨረሻ ግንቦት 1983 ተፈራረሙ፤ በጥር 1984 ቤጂንግ ጂፕ የተባለው ሽርክና ሥራ ጀመረ። አሜሪካኖቹ 16 ሚሊዮን ዶላር አዋጡ፤ ግማሹን በጥሬ ገንዘብ፣ ግማሹን በዕውቀት። ድርሻቸው 31.35 ከመቶ ሆነ። የውሉ ዕድሜ 20 ዓመት። ፎቶ ተነሡ፣ ብርጭቆ አጋጩ፣ ዓለም ሁሉ አጨበጨበ።

ቻይኖች «አንድ አልጋ፣ ሁለት ሕልም» የሚሉት አባባል አላቸው። አብረው ተኝተው የየራሳቸውን የሚያልሙ ባልና ሚስት ማለታቸው ነው። የእነዚህም ነገር ልክ እንደዚያ ነበር።

የቻይኖቹ ሕልም ምን ነበር? የ212 ምትክ የሆነች አዲስ መኪና ከአሜሪካኖቹ ጋር ተቀምጠው መንደፍ። ዋናው ደንበኛቸው ጦሩ ነው፤ ጦሩ የሚፈልገው ደግሞ ባለ አራት በር፣ ጣራዋ ሸራ የሆነ፣ ወታደር ዘሎ የሚገባባትና ዘሎ የሚወርድባት ናት። የአሜሪካኖቹስ ሕልም? በርካሽ ጉልበት መሥራትና አንድ ቢሊዮን ሕዝብ ላለው ገበያ መሸጥ። አዲስ መኪና መንደፍ ስንት እንደሚያስወጣ ሲያሰሉት ራሳቸውን ያዙ። «ይሄን ሁሉ ከምንለፋ፣ ያለችንን ቼሮኪ ከአሜሪካ ተበታትና በሣጥን ትምጣና እዚህ እንገጣጥማት» አሉ።

ቼሮኪ በዓለም የተወደደች መኪና ናት፤ ክፋት የለባትም። ግን ጣራዋ ብረት ነው! ከጦሩ ፍላጎት ጋር አራምባና ቆቦ። ያም ሆኖ በመስከረም 1985 የመጀመሪያዋ ቼሮኪ ከቤጂንግ ፋብሪካ ወጣች። የሠራተኛው እጅ ነካት እንጂ ሆድ ዕቃዋ በሙሉ ከአሜሪካ የመጣ ነበር።

እዚህ ላይ ዶላር የምትባል አማት ገባች። አስቢው እስቲ፤ የተበታተነው ዕቃ የሚገዛው በዶላር ነው፤ መኪናው የሚሸጠው በዩዋን ነው፤ ዩዋን ደግሞ ከቻይና ድንበር ውጭ ወረቀት ነበር። በ1985 መንግሥት የውጭ ምንዛሪው ሲመናመንበት ገመዱን ሳበ። የቀጣዩ ዙር ዕቃ ማስገቢያ ፈቃድ የለም፣ ዶላር የለም። በ1986 መጀመሪያ ወራት የቼሮኪው መሥመር ቀጥ ብሎ ቆመ። አሜሪካዊው ሥራ አስኪያጅ ዶን ሴንት ፒየር ምርር ብሎት ለጠቅላይ ሚኒስትር ዣኦ ዚያንግ ደብዳቤ እስከ መጻፍ ደረሰ። ባልና ሚስት ሲጣሉ ንስሐ አባት እንደሚጠራው ማለት ነው። ነገሩን እንዲጨርስ የተመደበው ዡ ሮንግጂ የተባለ ባለሥልጣን ነበር፤ ኋላ ራሱ ጠቅላይ ሚኒስትር የሆነው። በዚያው ዓመት ግንቦት ላይ ድምፅ ሳያሰሙ ታረቁ፤ እስከ 1990 ድረስ 12,500 ቼሮኪ የሚገጣጠምበት የውጭ ምንዛሪ እንዲመደብ ተስማሙ።

ግን ልብ ብለሽ ስሚኝ። ይህ ሁሉ ጭቅጭቅ ሲካሄድ የቤቱን አስቤዛ ማን ይሸፍን ነበር? አሮጊቷ 212! ያቺ በባለ ሦስት ማርሿ የናቋት፣ ጡረታ ልትወጣ የታሰበችው መኪና ናት በብዛት እየተሸጠች ለሽርክናው ትርፍ ታስገባ የነበረው። ለአሜሪካኖቹም ከእሷ ትርፍ ድርሻቸው ይደርሳቸዋል፤ በዚያ ላይ የቼሮኪን ዕቃ ሸጠው ያተርፋሉ። ቻይኖቹ ግን ያቺን በሕልም ያይዋትን አዲስ መኪና በዚያ ትዳር ውስጥ ሳያገኟት ቀሩ። እኔ ፍረድ ብባል ሁለቱንም ነው የምቀጣው። አንዱ የሚፈልገውን በግልጽ ተናግሮ ጊዜውንና ወጪውን በውል አላሰረም፤ ሌላው እንደማያደርገው ልቡ እያወቀ «እናያለን» ብሎ ፈረመ።

ከዚያ በኋላ ያለው ቶሎ ቶሎ የሚነገር ነው። በ1987 አሜሪካን ሞተርስ ራሱ ተሸጦ በክራይስለር ተዋጠ፤ በ1998 ክራይስለር ከጀርመኑ ዳይምለር ጋር ተቀላቀለ። ቤጂንጎች ሳይፋቱ ሁለት ጊዜ የትዳር ጓደኛ ተቀየረላቸው ማለት ነው! 212 ቢጄ 2020 የሚል ስም አውጥታ ታድሳ ቀጠለች። ቼሮኪም ቀስ በቀስ ብዙ ዕቃዋ በአገር ውስጥ እየተሠራ እስከ 2000ዎቹ አጋማሽ ዘለቀች። 20 ዓመቱ ሲሞላ ሽርክናው ቤጂንግ ቤንዝ ወደሚባለው ተለወጠና በጂፕ ፈንታ የመርሴዲስ መኪኖች ይሠሩበት ገቡ። ለጦሩም ቤጂንጎቹ በራሳቸው «ዮንግሺ» የምትባል ደንዳና መኪና ሠሩለት፤ የ212ን ቦታ እሷ ተረከበች።

ከዚያስ ምን አደረጉ? የሰው እጅ ማየቱን ተዉና ዕውቀቱን ገዙት። በ2009 መጨረሻ ቤይክ የሚባለው የቤጂንጉ ኩባንያ ከስዊድኑ ሳብ የመኪናና የሞተር ቴክኖሎጂ ገዛ። በ2013 መጨረሻ ቢጄ 40 ወጣች። ጣራዋ የሚነሣ፣ በሻንሲ ላይ የቆመች፣ በአራቱም ጎማ የምትገፋ። ያቺ የጦሩ ሕልም ሠላሳ ዓመት ዘግይታ የወጣቶች መዝናኛ ሆና መጣች ብል ማጋነን አይሆንብኝም። በ2016 ደግሞ ቢጄ 80 ተከተለች፤ ከሩቅ ያያት ሰው የመርሴዲሷ ጂ ክላስ መስላው ሰላምታ ይሰጣታል። (መመሳሰሉ አብዝቶት ፈገግ ያሰኛል፤ ግን ሞተሯ ከሳብ በተገዛው ዕውቀት የተሠራ ነው።) ቤተሰብ ለሚጭን በ2022 ቢጄ 60 ተጨመረች። አሮጊቷም አልሞተችም፤ በ2024 «212» በሚል ስም አዲስ መኪና ለዕይታ ቀርባለች፤ ክብ መብራቷ እንዳለ ነው።

አንዲት ነገር ጨምሬ ወደ አንቺ ልመለስ። ያ በሣጥን ተበታትኖ የመጣ መኪና ሲገጣጥም የነበረ ፋብሪካ የወጣበት ቤት፣ ቤይክ፣ በ2021 መጨረሻ ከዳይምለር አክሲዮን 9.98 ከመቶ እንደያዘና ትልቁ ባለ አክሲዮን እንደሆነ ተገለጸ። መርሴዲስን የሚሠራው ዳይምለር!

እንግዲህ እህቴ፣ «ቻይኖች ጂፕ መሥራት ያውቃሉ ወይ» ላልሽው፣ ያውቃሉ። ግን «ያውቃሉ» ማለት እጮኛሽ ያያት መኪና ደህና ናት ማለት አይደለም። ያገለገለ መኪና ያገለገለ ነው፤ ቶዮታም ቢሆን። ለሻጩ የማይወግን መካኒክ ይዛችሁ ሂዱ፤ ከሥሯ ገብቶ ሻንሲዋን ይይ፣ መለዋወጫዋ እዚህ መገኘት አለመገኘቱን ደግሞ ገንዘቡ ከመከፈሉ በፊት ሱቅ ለሱቅ ዞራችሁ በስም ጠይቁ። መንግሥት በ2024 መጀመሪያ የነዳጅ የቤት መኪና ከውጭ እንዳይገባ መከልከሉንም አስታውሺው፤ ይቺ ብትሰበር «ሌላ አስመጣለሁ» የሚባል ነገር ቀላል አይሆንም።

የእኔ ፍርሃት ግን መኪናዋ አይደለችም። በደብዳቤሽ ሦስተኛ ገጽ ላይ እግረ መንገድሽን ያነሣሻት አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት። «ጓደኛው ቅዳሜና እሑድ እኔ እይዛታለሁ ብሏል» ብለሻል። ቅዳሜና እሑድ! ወደ ገጠር የሚወጣ ሰው መኪና የሚከራየው መቼ ሆነና ነው? እጮኛሽ በሕልሙ የሚያየው ኪራይ ነው፤ ጓደኛው የሚያየው ሶደሬ ነው። ሁለቱም ደግሞ «ተስማምተናል» ይላሉ።

ስለዚህ ኩርፊያውን ተይውና ሁለቱን ለየብቻ፣ አንዱ ሌላውን ሳይሰማ ጠይቂልኝ። መኪናዋ ቅዳሜ ጧት የት ናት? ጎማ ሲያልቅ ከማን ኪስ ይወጣል? አንዱ በስድስት ወሩ «ድርሻዬን ስጡኝ» ቢል በምን ዋጋ ተሰልቶ? መልሳቸውን በወረቀት ጻፊና አስተያዪው። ከተገጣጠመ ያንኑ ወረቀት ይዛችሁ ውልና ማስረጃ ሂዱ፤ ያንቺም ስም ይግባበት፣ የሦስት ዓመት ዕቁብሽ ነውና። ካልተገጣጠመ ደግሞ የሠርጉን አዳራሽ ቀብድ ዛሬውኑ ክፈሉ። በየትኛውም ቢሆን የሁለቱን መልስ ላኪልኝ፤ የቅዳሜውን በተለይ በጉጉት ነው የምጠብቀው።