የደን አክሲዮን ርካሽነት በመዝገብ ብቻ አይለካም

የአንድ አነስተኛ የደን ኩባንያ አክሲዮን ከሚገባው ዋጋ በታች ይሸጣል ሲባል፣ ማስረጃ ሆኖ የሚቀርበው ብዙውን ጊዜ የሂሳብ መዝገቡ ነው። በደን ሥራ ግን ይህ መለኪያ ብቻውን ያሳስታል።

በአሜሪካ የሂሳብ ደንብ ደን የሚመዘገበው በወጣበት ወጪ በመሆኑ፣ የቆየ ይዞታ ከእውነተኛ ዋጋው አንሶ ይታያል። በዓለም አቀፉ የሂሳብ ሪፖርት ደረጃ ደግሞ ያልተቆረጠ ዛፍ በወቅቱ ዋጋ ይተመናል፤ የግምቱ ጭማሪም እንደ ትርፍ ይቆጠራል። ይህ ትርፍ ግን ገና ጫካ ውስጥ ያለ እንጂ ባንክ የገባ ገንዘብ አይደለም።

ግምቱም ቢሆን ተለዋዋጭ ነው። ከ20 ዓመት በኋላ 100 ዶላር የሚያወጣ ዛፍ በዓመት 8 በመቶ ወደ ኋላ ሲሰላ ዛሬ 21 ዶላር ያህል ያወጣል። ስሌቱ በ12 በመቶ ከሆነ ግን ከ10 ዶላር ብዙም አያልፍም።

ርካሽነት እውነት ሆኖ የተገኘበት ጊዜ አለ። በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት ደን የነበረው ፖፕ ሪሶርስስ እ.ኤ.አ. በ2020 በሬዮኒየር ሲገዛ፣ ለአንድ ድርሻ የቀረበው የ125 ዶላር የጥሬ ገንዘብ አማራጭ ድርሻው በገበያ ሲሸጥበት ከነበረው ዋጋ በእጅጉ የላቀ ነበር። ሆኖም የአስተዳደሩ ሥልጣን በመሥራች ቤተሰቦች እጅ ስለነበር፣ አነስተኛ ባለድርሻ ዋጋው እስኪገለጥ ከመጠበቅ በቀር ምርጫ አልነበረውም።

ተቃራኒውም ታይቷል። በቶሮንቶ ገበያ ይሸጥ የነበረውና በቻይና ሰፊ ደን አለኝ ይል የነበረው ሲኖ ፎረስት፣ እ.ኤ.አ. በሰኔ 2011 ማዲ ዋተርስ ባወጣው ዘገባ የማጭበርበር ክስ ቀረበበት። ቀደም ሲል 18 የካናዳ ዶላር ገደማ ያወጣ የነበረው አክሲዮን ወዲያውኑ አሽቆለቆለ። ኩባንያው በመጋቢት 2012 ከአበዳሪዎቹ የፍርድ ቤት ከለላ ጠየቀ፤ በ2017 የኦንታሪዮ ተቆጣጣሪ አካል ማጭበርበር መፈጸሙን ወሰነ። ሂሳቡ ግን በውጭ ኦዲተር የተመረመረ ነበር።

ስለዚህ ገዢ ከዋጋው በፊት ሦስት ነገሮችን ሊጠይቅ ይገባል። ዛፉን በገለልተኝነት የቆጠረው ማን ነው? የመሬቱ ይዞታ በማን ስም ነው? ከመቁረጫና ከማጓጓዣ ወጪ በኋላ የሚተርፈው ገንዘብ ለአነስተኛ ባለአክሲዮን የሚደርሰውስ በምን መንገድ ነው?

እ.ኤ.አ. በጥር 2025 ሥራ በጀመረው የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ የሚሳተፉ ባለሀብቶችም ይህን ልማድ ከወዲሁ ቢይዙ ይጠቅማቸዋል። ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ የሌለው አክሲዮን፣ ዋጋው የቱንም ያህል ቢወርድ ርካሽ ሊባል አይችልም።