«ቤቶች!» ሳይሉ አይገባም
ወደ ጂንካና ወደ ደቡብ ኦሞ ለሚጓዙ ቤተሰቦች

የዕረፍት ጊዜ ሲደርስ ልጆችን ይዞ አገር ማየት መልካም ልማድ ነው። ባለቤቷ ወይም ልጇ ጂንካ ተመድቦ የሚሠራባት፣ ራሷም ለሥራ ወደዚያው የምትላክ እናት ቁጥሯ ጥቂት አይደለም። ዛሬ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ጂንካ ድረስ ይበራል። ከአዲስ አበባ በመኪና የሚነሣም 700 ኪሎ ሜትር ያህሉን መንገድ አርባ ምንጭ ላይ አድሮ፣ በኮንሶና በቀይ አፈር በኩል ይደርሳል።

መድረሱ ቀለለ ማለት ግን አገባቡን ማወቅ አያስፈልግም ማለት አይደለም። በባህላችን ሰው ቤት ስንሄድ ደጅ ላይ ቆመን «ቤቶች!» እንላለን እንጂ ዘው ብለን አንገባም። ወደ ደቡብ ኦሞም አገባቡ እንዲሁ ነው። ከቤተሰቧ ጋር የምትጓዝ እናት ሁለት ነገር ልትጠብቅ ይገባታል፤ የልጆቿን ጤናና የባለአገሩን ክብር።

ከመነሣት በፊት

ጂንካ ከተማ 1,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ አየሯ መልካም ነው። ከከተማዋ ወጥተው ወደ ማጎ፣ ወደ ቱርሚ ወይም ወደ ኦሞራቴ ሲወርዱ ግን ቆላ ይጀምራል፤ ሙቀቱም ይበረታል። የዝናቡም ወቅት ከደገኛው ይለያል። ዋናው ዝናብ የሚጥለው ከመጋቢት እስከ ግንቦት ባለው ጊዜ ነው። ያን ጊዜ ከአስፋልት የወጡ መንገዶች ጭቃ ይሆናሉ፤ ደርቀው የከረሙ ወንዞችም በድንገት ይሞላሉ። ስለዚህ ትንንሽ ልጆች ያሉት ቤተሰብ በታኅሣሥና በጥር ቢጓዝ ይሻለዋል።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበው ወባ ነው። ወባ በአገራችን በአብዛኛው የሚገኘው ከ2,000 ሜትር በታች ባሉ ቦታዎች ሲሆን፣ ጂንካም ቆላዎቹም ከዚያ በታች ናቸው። ደጋ ያደገ ልጅ ሰውነቱ በሽታውን ስላልለመደው ከያዘው ይጠናበታል። ነፍሰ ጡር ሴትን ደግሞ ለደም ማነስ ይዳርጋታል፤ ፅንስ ሊያስወርዳት ወይም ክብደቱ የቀነሰ ሕፃን እንድትወልድ ሊያደርጋት ይችላል። ስለሆነም ጉዞዋን ማዘግየት የምትችል ነፍሰ ጡር ብታዘገየው ይመረጣል።

ከጉዞው ሁለት ሦስት ሳምንት ቀደም ብሎ ጤና ጣቢያ ሄዶ ስለ ወባ መከላከያ መድኃኒት መጠየቅ ያሻል። መድኃኒቱ በዕድሜና በክብደት የሚለይ ስለሆነ የአንዱን ልጅ ለሌላው ማካፈል አይገባም። የወባ ትንኝ የምትናደፈው ከምሽት እስከ ንጋት በመሆኑ፣ በመድኃኒት የተነከረ አጎበርና ክንድና እግር የሚሸፍን ልብስ መያዝ አይዘንጋ።

ቢጫ ወባ በስም ቢመሳሰልም ሌላ በሽታ ነው፤ መከላከያ ክትባትም አለው። በ2005 ዓ.ም. ደቡብ ኦሞ ውስጥ ተከስቶ ለብዙ ሕዝብ ክትባት ተሰጥቷል። ክትባቱ ሥራውን እስኪጀምር ዐሥር ቀን ያህል ስለሚፈጅ በመነሻው ዋዜማ መከተብ አይጠቅምም። ከውጭ አገር የሚመጣ ዘመድ ካለም የቢጫ ወባ ክትባት ካርዱን እንዲይዝ ይነገረው።

በኅዳር 2018 ዓ.ም. ጂንካ ውስጥ የማርበርግ በሽታ መገኘቱን ጤና ሚኒስቴር ማረጋገጡ ይታወሳል። በሽታው በአገራችን ሲገኝ ያ የመጀመሪያው ነበር፤ ወረርሽኙ ማብቃቱም በጥር 2018 ዓ.ም. ታውጇል። እንግዲህ ጂንካን መፍራት ሳይሆን ከዚያ የተገኘውን ትምህርት መያዝ ያስፈልጋል። የሌሊት ወፍ የሚያድርበት ዋሻ አለመግባት፣ የታመመን ሰው ደምና ፈሳሽ በባዶ እጅ አለመንካት፣ እጅን በሳሙና መታጠብ የትም የሚጠቅም ልማድ ነው።

ውኃ ተፈልቶ ወይም ታሽጎ የተሸጠው ይጠጣ። ልጆች ሲያስቀምጣቸው በአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ የሚበጠበጠው ሕይወት አድን ንጥረ ነገር ከሻንጣ አይታጣ። ኦሞ ወንዝ አዞ ስላለበት ልጆች ዳር ድረስ ወርደው እንዲጫወቱ አይፈቀድላቸው።

ከደረሱ በኋላ

በመጀመሪያ ጂንካ የሚገኘውን የደቡብ ኦሞ ሙዚየም ማየት ይጠቅማል። ልጆች የአሪን፣ የሐመርን፣ የሙርሲን፣ የበናን፣ የዳሰነችንና የሌሎቹን ሕዝቦች ኑሮ አስቀድመው ካወቁ፣ ሰዎቹን ሲያገኟቸው በግርምት አያፈጡም። ቀጥሎ ገበያው ነው፤ የጂንካ ገበያ ቅዳሜ፣ የቀይ አፈር ሐሙስ፣ የቱርሚ ሰኞ ይቆማል። ገበያ ሴቶች ማር፣ እህልና ቅል ይዘው የሚውሉበት የሥራ ቦታ ነው። ከእነርሱ የሚገዛ ሰው ወሬም ሰላምታም ያገኛል።

ወደ ሙርሲ መንደሮች የሚወስደው መንገድ ማጎ ብሔራዊ ፓርክን ስለሚያቋርጥ የፓርኩ ፈቃድ ያስፈልጋል። አማርኛ የማይናገሩ ብዙዎች ስለሆኑ የአካባቢውን ቋንቋ የሚያውቅ መሪ መያዝ ይገባል። የሐመር ከብት ዝላይም የአንድ ቤተሰብ ደስታ ነው፤ በሰው ሠርግ ሳይጠሩ እንደማይገባ ሁሉ እዚያም ፈቃድ ይጠየቃል።

ስለ ፎቶግራፍ አንድ ነገር ሳይነሣ አይታለፍም። አንዲት እናት ከገበያ ስትመለስ የማታውቀው ሰው ፊቷ ላይ ካሜራ ቢደግንባት ምን ይሰማታል? ጠጉሯን በቅቤና በቀይ አፈር የለወሰችው የሐመር ሴትም፣ ከንፈሯ ላይ ሸክላ ያደረገችው የሙርሲ እናትም የሚሰማቸው ያው ነው። አስቀድሞ ማስፈቀድ፣ ክፍያ ካለ ተስማምቶ መክፈል፣ እንቢ ካሉ ማመስገንና ማለፍ ነው። ለሕፃናት ከረሜላና ሳንቲም መበተንም ልጆቹን ከትምህርትና ከሥራ አውጥቶ መንገድ ዳር ያስቆማቸዋል። መስጠት የፈለገ ሰው ለትምህርት ቤቱ ደብተርና እርሳስ ቢያስረክብ ይበልጣል።

ከተመለሱ በኋላ

ብዙ እናቶች የሚዘናጉት እዚህ ላይ ነው። ወባ ዕለቱን አይታይም፤ ብዙውን ጊዜ ከሳምንት በኋላ፣ አንዳንዴም ከወራት በኋላ ይነሣል። ልጁ አዲስ አበባ ተመልሶ ትምህርት ከጀመረ በኋላ ሲያተኩሰው «ጉንፋን ነው፤ ብርድ ነው» ተብሎ ቀናት ያልፋሉ። ከቆላ የተመለሰ ሰው ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት ወይም ራስ ምታት ከተሰማው በዚያው ዕለት ደሙን ይመርመር። ጡት የሚያስጠላው፣ የቀመሰውን ሁሉ የሚያስመልሰው፣ የሚያንቀጠቅጠው ወይም የሚያፈዘው ሕፃን ለነገ አይባልም። ደጋ ያለ ሐኪም ወባን ወዲያው ላይጠረጥር ስለሚችል፣ ገና ካርድ ሲወጣ «ደቡብ ኦሞ ቆይተን መጥተናል» ብሎ መናገር የእናት ድርሻ ነው። ይህች አንዲት ዓረፍተ ነገር የልጅ ሕይወት ታድናለች።