ውኃው ለሰው ይቅደም፤ ለደጃፉ ውኃ የማይጠይቅ አበባ ይተከል



ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት በዚህ ሰፈር አንዳንድ ቤቶች ከአጥር ውጭ ላለው ሣር በጎማ ውኃ ሲለቁ ይታያሉ። ጎረቤት ደግሞ ጀሪካን አሰልፎ ተራ ይጠብቃል። ይህ ነገር ተገቢ አይደለም፤ አስፈላጊም አይደለም።

እስቲ ሒሳቡን እንሥራ። 40 ካሬ ሜትር ሣር ላይ 5 ሚሊሜትር ውኃ ቢረጭ 200 ሊትር ነው። ባለ 20 ሊትር 10 ጀሪካን ማለት እኮ ነው! ያውም ለአንድ ጊዜ ብቻ። በጋው ስንት ወር ነው?

«ታዲያ ደጃችን አቧራ ይሁን?» የሚሉ አሉ። አይሁን። ሲሚንቶ ይልበስ የሚሉትንም አንደግፍም፤ የክረምቱ ዝናብ መሬት መግባቱን ትቶ ከታች ባሉት ቤቶች ላይ ይወርዳልና።

እኛ የምንለው፣ ቅጠለ ወፍራም አበቦች ይተከሉ ነው። እሬትና እንዳሁላ የአገራችን ናቸው። በመካከላቸው ደግሞ ከደቡብ አፍሪካ የመጣው፣ መሬት ለመሬት የሚሳበውና ፀሐይ ሲያገኝ ሮዝና ቢጫ አበባ የሚያፈካው ይሞላል። እነዚህ ተክሎች ውኃ በቅጠላቸው ያጠራቅማሉ። እሬትና እንዳሁላ የቅጠላቸውን ቀዳዳ የሚከፍቱት በአብዛኛው ሌሊት ሲቀዘቅዝ ስለሆነ፣ የቀን ፀሐይ ውኃቸውን አይቀማቸውም።

«አበባ ሆድ አይሞላም፣ ጎመን ይሻላል» ለሚሉትም መልስ አለን። ጎመን በጓሮ ይተከል። የመኪና ጭስና የቱቦ ፍሳሽ በሚያርፍበት መንገድ ዳር የበቀለውን ግን ማን ይብላው?

አተካከሉ ገንዘብ አይጠይቅም። ከሚሳበው አንድ ስንዝር ያህል ቆርጦ፣ ቁስሉ እስኪደርቅ ሁለት ቀን ጥላ ሥር ማቆየት፤ ከዚያ በየ25 ሳንቲሜትሩ መትከል ነው። ከእሬት ከሥሩ የወጣውን ትንሹን መንቀል ይበቃል። ጊዜው ዝናቡ ጋብ ሲል፣ መስከረም ላይ ነው። የእኛ ጥቁር ዋልካ ውኃ ስለሚቋጥር ሥሩን ያበሰብሳል፤ ስለሆነም አሸዋ ቀላቅሎ መደቡን ከፍ ማድረግ የግድ ነው።

አንድ ነገር ግን አንደብቅም። ይህ ተክል መረገጥ አይችልም፤ ለመተላለፊያ ድንጋይ ይነጠፍ። ገደላማውን ቦይ ዳርም ብቻውን አይዘውም፤ እዚያ ሥሩ ጠለቅ ያለ ሣር ያስፈልጋል። እንዳሁላ ከብትን ስለሚመርዝ በግና ፍየል የሚለቁ ሰዎች ይጠንቀቁ።

ያለው ለሌለው ቁራጭ ይስጥ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። ጎማ ይዞ የሚቆመው ጎረቤታችን ደግሞ ከእንግዲህ ውኃውን ወደ ጀሪካን ያዙር! የማይስማማ ካለ በስብሰባ ላይ ፊት ለፊት ይናገር፤ ማታ ማታ ችግኝ መንቀል ግን ነውር ነው።

ከማኅበሩ ጽሕፈት ቤት