እሳትና እንከን

ከስድስት ኪሎ ሽቅብ ወደ ሽሮ ሜዳ የወጣ ተማሪ ሁሉ የሸማኔውን ሥራ ያውቃል። ድሩ በሥርዓት ይዘረጋል፣ ማጉ ይገባበታል፣ አንድ ክር ቢጎድል የለመደ ዓይን ወዲያው ያየዋል። የሲሊኮን ክሪስታልም እንደዚሁ በሥርዓት የተደረደረ የአቶም ሸማ ነው። አንድ አቶም ከቦታው ሲጎድል ወይም ባዕድ አቶም ሲገባበት እንከን እንለዋለን። የሸማን እንከን እሳት አያቃናውም፤ የክሪስታልን ግን ሊያቃናውም ሊያባብሰውም ይችላል።

የብዙዎቻችን ልማድ «ሙቀት እንከንን ያጠፋል» ብሎ ሸምድዶ ማለፍ ነው። በእኔ አስተያየት ይህ ግማሽ እውነት ነው፤ ግማሽ እውነት ደግሞ ከፍጹም ሐሰት ይበልጥ ያሳስታል። ለዚህም ምስክር አለኝ። ከቀለጠ ሲሊኮን እየተሳበ የሚበቅል ክሪስታል ከኳርትዝ ማቅለጫው ኦክሲጅን ይዞ ይወጣል። ይኸው ክሪስታል በ450 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ብዙ ሰዓት ቢቆይ፣ የኦክሲጅኑ አቶሞች ተሰባስበው ኤሌክትሮን የሚለግሱ እንከኖች ይሆናሉ፤ የኤሌክትሪክ ጠባዩም ይለወጣል። ይህን የቤል ላቦራቶሪ ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ አጥንተውታል። ነገር ግን ከ650 ዲግሪ በላይ ሞቆ ፈጥኖ ቢቀዘቅዝ እነዚያው እንከኖች ይፈርሳሉ። አንዱ እሳት የሠራውን ሌላው እሳት አፈረሰው ማለት ነው። ሙቀቱ ወደ 1000 ዲግሪ ተጠግቶ ኦክሲጅኑ በክሪስታሉ መሐል ተጠራቅሞ ሲረጋ ደግሞ፣ እንከኑ ራሱ እንደ ብረትና መዳብ ያሉትን ጎጂ ባዕዳን እየያዘ ትራንዚስተሩ የሚሠራበትን ገጽ ያጸዳል። እንግዲህ እንከን ሁሉ ጠላት አይደለም።

ስለዚህ «ሞቋል» ብቻ ማለት ምንም አይነግረንም። ምን ያህል ሞቀ? ስንት ሰዓት ቆየ? እንዴትስ ቀዘቀዘ? ይህን ጥያቄ የሽሮ ሜዳ ጎረቤት በሆነው በቀጨኔ ያሉ ሸክላ ሠሪ እናቶቻችን ያለ መጽሐፍ ያውቁታል፤ ጀበናው በደንብ ሳይደርቅ፣ ቀስ ብሎም ሳይሞቅ ነበልባል ውስጥ ቢገባ ይሰነጠቃልና። ዳግማዊ ምኒልክ ባለ እጅን መስደብ በ1900 ዓ.ም. በአዋጅ ከለከሉ፤ ተምረናል የምንል እኛ ግን ዛሬም እጃችን እንዳይቆሽሽ እንሸሻለን።

በበኩሌ ሁለት ነገር አሳስባለሁ። ማኅበራችን የፊዚክስ ተማሪዎችን ቀጨኔ ወስዶ የሸክላውን እሳት ያሳይ። መምህራኖቻችንም በፈተና ላይ ዲግሪውን ብቻ ጽፎ የሰዓቱንና የማቀዝቀዙን ነገር ለተወ መልስ ሙሉ ነጥብ አይስጡ።