ለመጽሐፍም የድጋፍ ደብዳቤ?

ባለፈው ሰሞን አንድ የመጽሐፍ ምረቃ ተጠርቼ ሄጄ ነበር። የጥሪ ወረቀቱ ላይ ከተጻፈው አዳራሽ ደጃፍ ስደርስ በሩ ተዘግቷል። ዘበኛው ከወንበሩ ሳይነሣ «ጋሼ፣ ለመጽሐፉ ነው የመጡት? እሱ ተሰርዟል» አለኝ። «ማን ሰረዘው?» ስለው «እኔ እንጃ» አለና ፊቱን አዞረ።

ስልክ ደወልኩ። አሳታሚዋ ልጅ ሳግ በተናነቀው ድምፅ «ጋሼ፣ ቦታ ቀይረናል፤ እዚያው ሰፈር ካፌ ምድር ቤት ነን» አለችኝ። ወረድኩ። አርባ በማይሞላ ወንበር ላይ ስልሳ የሚሆን ሰው ተደራርቧል። ማይክ የለም። ገጣሚው ቆሞ ያነባል፤ ከበላዩ የቡና ማሽኑ ይጮኻል። እናቱ ነጠላቸውን አጣፍተው ከፊት ተቀምጠዋል። ሰው ባጨበጨበ ቁጥር እሳቸውም ዘግየት ብለው ያጨበጭባሉ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጅቱና ሁለት ጓደኞቿ ከደመወዛቸው እየቆጠቡ መጽሐፍ ያሳትማሉ። ድርጅት ብሎ ለመጥራት እንኳ የሚያሳፍር ድርጅት ነው፤ አንድ ኮምፒዩተር፣ አንድ ጠረጴዛ፣ የተከመረ መጽሐፍ። የአዳራሹን ኪራይ ከፍለው፣ ካርድ በትነው ካበቁ በኋላ፣ ሁለት ቀን ሲቀረው የአዳራሹ ኃላፊ ይጠራቸዋል። «መጽሐፉ ስለ ምን እንደሚያወራ የሚገልጽ፣ ከሚመለከተው አካል የተጻፈ የድጋፍ ደብዳቤ አምጡ» ይላቸዋል። «ኧረ ግጥም ነው!» ቢሉት «ግጥምማ ይብሳል» አለ አሉ።

ለመሆኑ ይኼ «የሚመለከተው አካል» የሚባለው ማነው? ቢሮው የት ነው? ልጆቹ ሁለት ቀን ሙሉ ሲፈልጉት ዋሉ። አንዱ ቢሮ «እኛን አይመለከትም» አላቸው፤ ሌላው «ሰኞ ተመለሱ» አላቸው። ምረቃው ደግሞ ቅዳሜ ነበር። በመጨረሻ ኪራያቸው ግማሹ ተቆርጦ ተመለሰላቸው። አንባቢ ሆይ! ሕግ ጠቅሶ የከለከላቸው ሰው የለም። በጽሑፍ የሰጣቸውም ሰው የለም። ነገር ግን ተከልክለዋል።

እኔ ሳንሱርን በስም አውቀዋለሁ። በደርግ ጊዜ መጽሐፍ ሊታተም ሲል ረቂቁ ሳንሱር ክፍል ገብቶ፣ ተቀይሮና ተሰርዞ ማኅተም ተመቶበት ይወጣ ነበር። ክፉ ነበር፤ ግን ቢሮ ነበረው፤ በር ነበረው፤ የሚሟገቱት ሰው ነበረ። በኩራዝ አሳታሚ ድርጅት በ1975 ዓ.ም. የወጣው የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» ከገበያ ሲለቀም፣ ማን እንዳስለቀመው ሕፃን ሁሉ ያውቅ ነበር። ደራሲው ከሥራው ተባረረ፤ በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደ ወጣ ቀረ። እኔ ያን መጽሐፍ ያነበብኩት ጎረምሳ ሆኜ ለአንድ ሌሊት ተከራይቼ፣ በጋዜጣ ተሸፍኖ፣ በሻማ ነው። ሲነጋ ሌላ ተረኛ በር ላይ ይጠብቅ ነበር። የመንግሥት አሳታሚ ያወጣውን መጽሐፍ መንግሥት ራሱ ሲለቅመው፣ ሕዝብ በእጁ እየተቀባበለ አተረፈው። ያ ሰው የደረሰበት ሳይታወቅ፣ መጽሐፉ በ2017 ዓ.ም. በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ ለንደንና ኒው ዮርክ ታተመ። ከዚያም በፊት በጃንሆይ ዘመን የአቤ ጉበኛ «አልወለድም» ታግዷል። መከልከል መጽሐፍን ገድሎ አያውቅም። ደራሲን ግን ይገድላል።

ከዚያ በጥቅምት 1985 ዓ.ም. የፕሬስ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 34/1985 ወጣና ሳንሱር ቀረ ተባለ። በ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 29 ማናቸውም ዓይነት ቅድመ ምርመራ የተከለከለ ነው ብሎ አጸናው። ደስ ብሎን ነበር። ታዲያ ሳንሱር ሞቶ ተቀበረ ወይ? የለም፤ ልብሱን ቀይሮ ተመለሰ እንጂ! በ2004 ዓ.ም. በ1914 ዓ.ም. የተቋቋመው አንጋፋው ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ድርጅት ሕግ ይጥሳል ብሎ ያሰበውን ጽሑፍ አላትምም ለማለት የሚያስችለውን ውል ለጋዜጣ አሳታሚዎች ማቅረቡን የምናስታውስ እናስታውሳለን። ያኔ ሳንሱሩ ከመንግሥት ቢሮ ወጥቶ ማተሚያ ቤት ገባ። አሁን ደግሞ ይኸው አዳራሽ ጠባቂ ሆኖ ተቀጥሯል። ነገ የወንበር አከራይ ይሆናል። ከነገ ወዲያ ደግሞ በገዛ ጭንቅላታችን ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል፤ ያን ጊዜ ደብዳቤ የሚጠይቀን ሰው እንኳ አያስፈልግም።

«አንተ ደግሞ አንድ አዳራሽ በተከለከለ ይህን ያህል መንጫጫት ምንድነው?» የሚለኝ አይጠፋም። እሺ፣ እስቲ እንደ ነጋዴ እንቁጠረው።

ትንሽ አሳታሚ ማለት ምን ማለት ነው? ለምሳሌ ያህል አንድ መጽሐፍ አንድ ሺህ ኮፒ ይታተማል እንበል። አንዱን ለማተም 250 ብር ቢፈጅ በድምሩ 250,000 ብር መሆኑ ነው። ማተሚያ ቤቱ ቅድሚያ ክፍያ ካልተቀበለ ፕሌት አይሠራም። መጽሐፉ 500 ብር ይተመናል። አከፋፋይና መደብር ከሽፋኑ ዋጋ 40 በመቶ ቢወስዱ ለአሳታሚው 300 ብር ይደርሰዋል። ሁሉም ቢሸጥ ከአንዱ 50 ብር አተረፈ ማለት ነው፤ ደራሲውንም የሚከፍለው ከዚያችው ነው። ስድስት መቶው ተሸጦ አራት መቶው አልጋ ሥር ቢቀርስ? የገባው 180,000፣ የወጣው 250,000። ሰባ ሺህ ብር ዕዳ! አከፋፋዩ ደግሞ የሚከፍለው ሲሸጥ ነው፤ ሲሸጥም ሲመቸው ነው። ወረቀትና ቀለሙ በውጭ ምንዛሪ የሚገባ ስለሆነ፣ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተለቀቀ ወዲህ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ወራት ከእጥፍ በላይ ሲሆን የኅትመት ዋጋም አብሮ ጋለበ። በዚያው በ2016 የፒያሳ ቤቶች በኮሪደር ልማት ሲፈርሱ፣ እኔ ከተማሪነቴ ጀምሮ መጽሐፍ በዱቤ የምወስድበት ሱቅም አብሮ ሄዷል። ባለሱቁን ካየሁት ቆየሁ። ደብተሩ ላይ ያለብኝን ዕዳ እንኳ የምከፍልበት አድራሻ የለኝም።

እንግዲህ ለእንዲህ ያለው ትንሽ አሳታሚ ምረቃ ማለት ድግስ አይደለም። ምረቃ ገበያ ነው። አከፋፋይ ሳይገባበት መጽሐፉን በሙሉ ዋጋ ከእጁ የሚሸጥበት ብቸኛው ቀን ነው። መቶ ኮፒ ሽጦ የማተሚያ ቤቱን ቀሪ ዕዳ የሚከፍለው በዚያን ዕለት ነው። ስለዚህ አዳራሽ ከለከልከው ማለት በሩን ዘጋህበት ማለት ብቻ አይደለም፤ ጉሮሮውን ያዝከው ማለት ነው። ያን ዕለት ምድር ቤት ውስጥ የተሸጠው 31 ኮፒ ነው። ልጅቱ በጣቷ ስትቆጥር አይቻለሁ።

ወደ ሌላው ጉድ ልምጣ። መጽሐፍ በወጣ በሳምንቱ በስልክ ፎቶ ተነሥቶ ቴሌግራም ላይ ይለቀቃል። «ዕውቀት በነፃ ይሁን» የሚል ፈላስፋ አይጠፋም። በ2004 ዓ.ም. የመንግሥቱ ኃይለ ማርያምን «ትግላችን» ሎስ አንጀለስ ያለው ፀሐይ አሳታሚ ሲያወጣው፣ መጽሐፉ ወዲያው ስካን ተደርጎ ኢንተርኔት ላይ ተበተነ። ሰበቡ «በደም የታጠበ ሰው አይጠቀምበት» የሚል ነበር። እኔም በዚያ ዘመን ወገኖቼን ያጣሁ ነኝ፤ ለመንግሥቱ የማዝንበት አንጀት የለኝም። ግን ልብ በሉ! ፀሐይ አሳታሚን ኤልያስ ወንድሙ በ1998 እ.ኤ.አ. በስደት አገር የመሠረተው የግል አሳታሚ ነው። ደራሲውን ጠላሁ ተብሎ የተመታው አሳታሚው ነው። ዛሬ በጠላነው ደራሲ ላይ ያጨበጨብንለት ልማድ፣ ነገ በምንወደው ገጣሚ ላይ ይመጣል፤ መጥቷልም። የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 ደራሲ በሕይወት እስካለና ከሞተም በኋላ ለ50 ዓመት መብቱን ይጠብቅለታል ይላል። በወረቀት ላይ! ለግጥም መጽሐፍ አዳራሽ የሚነፍግ «የሚመለከተው አካል»፣ የተሰረቀ መጽሐፍ በአደባባይ ሲበተን ምነው አይመለከተውም?

አሁን ደግሞ ወደ ራሳችን። መንግሥትን ብቻ ወቅሶ መሄድ ይቀላል፤ ግን አልዋሽም። እኔ ቤት መደርደሪያ ላይ ምረቃ ላይ የገዛኋቸው፣ ፊርማ ያረፈባቸው፣ ገጻቸው ያልተገለጠ አሥራ አንድ መጽሐፎች አሉ። ትናንት ቆጠርኳቸው። ምረቃን ሠርግ አድርገነዋል፤ እንሄዳለን፣ ለይሉኝታ እንገዛለን፣ ፎቶ እንነሣለን፣ ቆሎና ለስላሳ ቀምሰን እንመለሳለን። መድረክ ላይ የሚወጣው ሃያሲም ብዙ ጊዜ ያነበበው መግቢያውንና የጀርባ ሽፋኑን ነው። «ዘመን ተሻጋሪ ሥራ!» ይላል። ያላነበበውን መጽሐፍ ዘመን ያሻግረዋል!

የተቃዋሚ ፖለቲከኞቻችንም ቢሆኑ ያው ናቸው። በመግለጫቸው ሁሉ «ሐሳብን በነፃነት የመግለጽ መብት» ይላሉ። እሰየው። ግን ስንቱ ነው ለዚያ መብት ኪሱ ገብቶ አንድ መጽሐፍ የገዛ? ምድር ቤት ከነበርነው ስልሳ ሰዎች መሐል አንድም የፓርቲ ሰው አላየሁም። መብት የሚሞተው ሲከለከል ብቻ አይደለም፤ የሚጠቀምበት ሲጠፋም ይሞታል።

ታዲያ ምን ይደረግ? እንደ ተራ ዜጋ ሦስት ነገር እጠይቃለሁ።

አንደኛ፣ በሕዝብ ገንዘብ የተሠራ አዳራሽ ሁሉ የኪራይ ዋጋውንና ደንቡን በር ላይ ይለጥፍ። የሚከለክል ኃላፊ ካለ በጽሑፍ፣ በስሙ፣ አንቀጽ ጠቅሶ ይከልክል። «የሚመለከተው አካል» የሚባለው መንፈስ ስምና ፊርማ ይኑረው። ይህን ያህል መጠየቅ ነውር ነው?

ሁለተኛ፣ ቤተ መጻሕፍቶቻችን መለመን ትተው ይግዙ። በ2014 ዓ.ም. የተመረቀው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ሲከፈት አገሩ ሁሉ መጽሐፍ ለግስ ተብሎ ዘመቻ ተደረገ። ሕንፃው የሚያኮራ ነው፤ አልክድም። ግን ለሲሚንቶው ተከፍሎ፣ ለመስታወቱ ተከፍሎ፣ መጽሐፉ ሲሆን ለምን በልመና ይሆናል? ሲሚንቶ ሻጩን ለግስ ያለው አለ? በየክልሉ ያሉት የሕዝብ ቤተ መጻሕፍትና ትምህርት ቤቶች ከአንድ አዲስ መጽሐፍ ሁለት ሁለት መቶ ኮፒ ተከፋፍለው ቢገዙ፣ ከላይ ባሰላሁት ስሌት ከዚያ ሰባ ሺህ ብር ዕዳ አብዛኛው ይነሣል። ምርጫው ግን በካድሬ ሳይሆን በመጽሐፍ አዋቂዎች እጅ ይሁን፤ ያለዚያ ሌላ የድጋፍ ደብዳቤ ሊሆን ነው።

ሦስተኛው ለእኔና ለአንተ፣ ለአንቺም ነው። በወር አንድ መጽሐፍ ከትንሽ አሳታሚ እንግዛ፤ ገዝተንም እናንብብ። ካልወደድነው «አልወደድኩትም» ብለን በግልጽ እንጻፍ። ለደራሲ ከባዶ ጭብጨባ ይልቅ አንብቦ የሰደበው ይሻለዋል። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» በኋላ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው ማንበብ የማይችለው ሕዝብ እንኳ ጆሮውን ተክሎ ይሰማ ነበር። ያ ሕዝብ አሁንም አለ። የጠፋው መጽሐፉና ሕዝቡ የሚገናኙበት ቦታ ነው።

ያን ቀን ምሽት ሰው ሲበተን የገጣሚው እናት ወደ ልጅቱ ጠጋ ብለው «ልጄ፣ የተረፈውን ለእኔ ስጪኝ፤ ለዕድሬ ሰዎች እሸጥልሻለሁ» አሏት። ልጅቱ «እማማ፣ ከባድ ነው፣ አይችሉትም» ብትላቸው «ወልጄው የከበደኝን ያህል አይከብደኝም» ብለው ሃያውን በፌስታል አንጠልጥለው ወጡ። ከዚያ ሳምንት በኋላ ብደውል አሥራ አራቱ ተሸጧል። እማማ ማንበብ አይችሉም።

እንግዲህ ፊደል ያልቆጠሩ እናት አሥራ አራት መጽሐፍ ያለ ማንም የድጋፍ ደብዳቤ ከሸጡ፣ ፊደል የቆጠርነው ምን እንበል? እኔ በበኩሌ ከአሥራ አንዱ የመጀመሪያውን ትናንት ማታ ጀምሬአለሁ። ገጽ 40 ላይ ነኝ። ቸር ይግጠመን።