በቀን 10 ቃል ከነትርጉሙ

እንግሊዝኛ ልማር ብሎ የተነሳ ሰው መጀመሪያ የሚሰማው ምክር «ቃላት አጥና» የሚል ነው። ምክሩ ክፋት የለውም፤ አፈጻጸሙ ግን አንድ መልክ ብቻ ይዞ ቀርቷል። ደብተሩ ለሁለት ይሰመራል፤ በግራ እንግሊዝኛው፣ በቀኝ አማርኛው፣ በመካከላቸው የእኩል ይሆናል ምልክት። መንገድ ዳር የሚሸጡት ትንንሽ መጻሕፍትም ሆኑ ጠዋት ጠዋት በቴሌግራም የሚለጠፉት ዝርዝሮች የዚሁ ደብተር ግልባጭ ናቸው። ስሌቱ ያጓጓል፦ በቀን 10 ቃል የያዘ በዓመት 3,650 ቃል ይኖረዋል። ተማሪው ግማሹን ይረሳል እንበል፤ እሱ ቀላሉ ችግር ነው። የባሰው ችግር ያልረሳው ግማሽ ላይ ነው፤ የእኩል ይሆናል ምልክቱ አብዛኛውን ጊዜ ሐሰት ነውና።

«ኦፕን» ማለት ከፈተ ነው ብሎ የሸመደደ ተማሪ በሩንም መጽሐፉንም በትክክል ይከፍታል። ቴሌቪዥኑ ጋ ሲደርስ ግን በአማርኛ ቴሌቪዥንም ሬዲዮም ስለሚከፈቱ «ኦፕን ዘ ቲቪ» ይላል፤ አይቶ ሲጨርስም «ክሎዝ» ያደርገዋል። ባለቋንቋው «ተርን ኦን» እና «ተርን ኦፍ» ነው የሚለው። ቡናም እንዲሁ ነው፦ እኛ ዘንድ ይወፍራል፣ ይቀጥናል፤ እነሱ ዘንድ ይበረታል፣ ይደክማል። «ቲክ» የሚለውን ቃል ከነትርጉሙ አሳምሮ የያዘ ልጅ ወፍራም ቡና ሲያዝ አስተናጋጁ ግራ ይገባዋል። ልጁ አልሰነፈም፤ ደብተሩ ያዘዘውን ነው የፈጸመው። የሰዋስው ሕግ አልጣሰምና መምህሩም «እንዲህ አይባልም» ከማለት በቀር የሚጠቅስበት አንቀጽ የለውም። ጆን ሲንክለር በበርሚንግሃም ዩኒቨርሲቲ የመራውና እ.ኤ.አ. በ1987 የኮቢልድን መዝገበ ቃላት ያስገኘው ሥራ ይህንኑ በማስረጃ አሳይቷል። ሰዎች በእርግጥ የጻፉትና የተናገሩት በኮምፒውተር ተሰብስቦ ሲፈተሽ፣ በተለይ ተራ የምንላቸው ቃላት ትርጉማቸውን የሚያገኙት አጠገባቸው ከሚቆመው ቃል ሆኖ ተገኘ። ከአማርኛ ጋር ለሚያያዘውም ሥራ ቢሆን አርአያ አልጠፋም። ወልፍ ሌስላው እ.ኤ.አ. በ1973 ያሳተመው የእንግሊዝኛ–አማርኛ መዝገበ ቃላት ቃሉን በዓረፍተ ነገር ውስጥ አግብቶ፣ አማርኛው በየቦታው እንዴት እንደሚለዋወጥ እያሳየ ነው የሚተረጉመው። ከዚያ በኋላ ወደ ባለሁለት ዓምዱ ደብተር መመለሳችን ይገርማል።

ዝርዝሮቹ የሚመርጡት የቃል ዓይነትም ሌላ ጉድ ነው። የሚሸጠው ከባድ ቃል ነው፤ ሰው ፊት ሲናገሩት የሚያስደንቅ። የእንግሊዝኛ መምህሩ ማይክል ዌስት እ.ኤ.አ. በ1953 ያወጣው የተዘወተሩ ቃላት ዝርዝር ግን 2,000 ያህል ቃላት ብቻ ይዞ ከተራ ጽሑፍ 80 በመቶ ገደማውን ይሸፍናል። ከእነዚያ ውስጥ «ጌት»፣ «ቴክ»፣ «ሜክ»፣ «ፑት» የመሳሰሉት ይገኙባቸዋል፤ ተማሪው በታችኛው ክፍል አውቄያቸዋለሁ ብሎ ያለፋቸው፣ ግን ከ«አፕ» ወይም ከ«ኦቨር» ጋር ሲጣመሩ የሚያደናግሩት። በሌላ በኩል ጋዜጣና ልቦለድ ያለ መዝገበ ቃላት ለማንበብ ከ8,000 እስከ 9,000 የቃላት ቤተሰብ (አንድ ቃል ከነእርባታው) እንደሚያስፈልግ የቃላት ትምህርት ተመራማሪው ፖል ኔሽን እ.ኤ.አ. በ2006 አስልቷል። ያን ያህል ብዛት ደግሞ ደጋግመው ሳያነቡ በሽምደዳ ብቻ ማንም አይዘልቀውም፤ ብርቅዬ ቃል ከዝርዝሩ ውጭ ካልተገናኙት ይተናልና።

ለሽምደዳ የሚከራከሩ ሰዎች ባዶ እጃቸውን አይደሉም። ቃልን ከትርጉሙ ጋር አጣምሮ በካርድ ማጥናት ፈጣን ውጤት እንደሚያስገኝ ጥናት ያረጋግጣል፤ ኔሽን ራሱ ደጋፊው ነው። እኔም ይህን አልክድም። ነገር ግን ኔሽን የቋንቋ ትምህርትን በአራት እኩል ዘርፍ ሲከፍል፣ ሆን ብሎ ማጥናት አንዱ ብቻ ነው፤ ቀሪዎቹ ማንበብና ማዳመጥ፣ መናገርና መጻፍ፣ የሚያውቁትን ማቀላጠፍ ናቸው። ከዚያ ሩብ ውስጥ ደግሞ ቃላት ድርሻውን የሚካፈለው ከሰዋስውና ከአነጋገር ጋር ነው። እኛ ዘንድ ሩቡ ሙሉውን ቤት ወረሰው።

ሁለተኛው ክርክር ከበድ ይላል፤ ሽምደዳ የአገሩ ወግ ነው፣ ሊቃውንቱም ያደጉት በእሱ ነው ይላል። እውነት ነው፤ የቅኔ ተማሪ የግዕዙን ግስ ከነአማርኛ ትርጉሙ በቃሉ ይይዛል፤ ይኸው ባለሁለት ዓምድ ዝርዝር መሆኑ ነው። ግን በግስ ላይ የሚቆም የቅኔ ቤት የለም። ተማሪው ገና ጀማሪ ሳለ ሁለት ቤት ያላትን ጉባኤ ቃና ይቆጥራል፤ የያዘውን ግስ ከባለቤቱና ከተሳቢው ጋር አሰካክቶ፣ ለመምህሩ ነግሮ፣ ተቃንቶ ይመለሳል። አገባቡን የሳተ ግስ እዚያው ይጋለጣል። ወጉን የሚጠቅሱልን ሰዎች የወጉን ግማሽ ቆርጠው ነው ያመጡልን።

አንዳንዶች ችግሩን ተረድተው የቃላቱን ዝርዝር በ«ጠቃሚ አባባሎች» ዝርዝር ተክተዋል። መሻሻል ይመስላል። ገልጠው ሲያዩት ግን ዝናብ ሲበረታ ውሻና ድመት ዘነበ ይባላል የሚለው፣ ዛሬ ባለቋንቋው ራሱ እምብዛም የማይጠቀምበት ጌጠኛ ፈሊጥ ከፊት ተቀምጧል፤ «ዲፔንድ» ከ«ኦን» ጋር፣ «ኢንተረስትድ» ከ«ኢን» ጋር እንደሚሄድ የሚነግር መስመር የለም። ያው የብርቅዬ ዕቃ ንግድ ነው፤ ጥቅሉ ብቻ ተለቀ።

የቀረው የአቅም ጥያቄ ነው፦ እንግሊዝኛ የሚናገር በሌለበት ሰፈር፣ መጽሐፍ በማይገዛ ኪስ፣ ተማሪ በተጨናነቀበት ክፍል ከዝርዝር ሌላ ምን አለ? ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው፤ የባዮሎጂውም የታሪኩም መጽሐፍ በሙሉ ዓረፍተ ነገር የተጻፈ ነው። ልጁ አዲሱን ቃል ነጥሎ ከሚገለብጥ የቆመበትን ሐረግ እንዳለ ቢገለብጥ፣ ቀኝ ዓምድ ላይ የሐረጉን አማርኛ ቢጽፍ፣ ከዚያ በዚያው ሐረግ የራሱን ዓረፍተ ነገር ቢሠራ ወጪው ያው አንድ ደብተር ነው። ከ10 ቃል ይልቅ 3 ብቻ ይይዝ ይሆናል። እርማቱ መምህሩን ከበዛበት ደግሞ የቅኔ ቤቱ መላ አለ፤ እዚያ ጀማሪውን የሚሰማው ሁልጊዜ መምህሩ አይደለም፣ ከፊቱ የደረሰው ተማሪም ነው። የ12ኛ ክፍሉ ልጅ ለ9ኛው ክፍል ልጅ «ኦፕን ዘ ቲቪ» እንደማይባል ለመንገር ዲግሪ አያስፈልገውም።